ድንጋዩ ወዴት ያያል? ስለ ጥንታዊ የቋጥኝ ቅርፆች ጉብኝት ከጎንደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጎንደር ከተማ ትምህርት ቤቶች የጉዞ ክበባት፣
ለአስጎብኚ ባልደረቦቻችን፣
እንዲሁም ለከተማችን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በጎንደር በአስጎብኚነት፣ በታሪክ መምህርነትና በጥንታዊ ሕንፃ ጥገና የምንሠራ ሰዎች ነን። ጉዳያችን አንድ ነው፤ ከከተማችን ተነስተው ጥንታዊ የድንጋይ ቅርፆችን ለማየት የሚሄዱ ጉዞዎች የሰዓት አወጣጥ። የጉዞ መርሐ ግብር ሲወጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ምሳ የት እንደሚበላና አውቶቡሱ የት እንደሚያድር ነው። ቅርፁ ዘንድ የሚደረሰው በተገኘው ሰዓት ነው፤ ብዙ ጊዜ ያ ሰዓት ለዚያ ድንጋይ የተሳሳተ ይሆናል። ያን ያህል መንገድ ተጉዞ የመጣ ተማሪ ከፊቱ ያለውን ቅርፅ መለየት ያቅተዋል። አንዱ ውሃ ይረጭበታል፣ ሌላው በጠመኔ ዙሪያውን ያሰምርበታል፣ ቀሪው በእጁ ይዳብሰዋል። ይህ ሁሉ ከክፋት የሚመጣ አይደለም፤ ለማየት ከመጓጓት ነው። ሰዓቱ ቢስተካከል አብዛኛው ጉዳት ያለ ዘበኛና ያለ ቁጣ እንደሚቀር እናምናለን።

በድንጋይ ላይ የተቀረፀ ነገር ለዓይን የሚገለጠው በጥላው ነው። ከድንጋዩ ገጽ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተቀረፀ መስመር፣ የፀሐይ ጨረር ከገጹ ጋር 15 ዲግሪ ያህል ሠርቶ በስሱ ሲያልፍበት፣ 3.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። ጨረሩ 75 ዲግሪ ላይ ሲሆን የዚያው መስመር ጥላ 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የታረሰ ማሳ በማለዳ ትልሙ አንድ በአንድ ተቆጥሮ፣ በቀትር ግን ደልዳላ ሜዳ የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ በሰፊው የተለመደ አንድ ምክር መታረም አለበት። «ቅርፅ ለማየት ጠዋት በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ሂዱ» ይባላል። ምክሩ በመሬት ላይ ለተነጠፈ፣ ወደ ሰማይ ለሚያይ ድንጋይ ትክክል ነው። እንዲህ ያለውን ድንጋይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ድረስ፣ ወይም ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲቀራት ማየት ነው። ግድግዳ ሆኖ ለቆመ ቋጥኝ ግን ምክሩ ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያመጣል። ወደ ምሥራቅ የሚያይ ግድግዳ ማለዳ ላይ ፀሐይ ፊት ለፊቱ ስለሚገጥመው ጥላ የሚባል አይኖረውም። ያ ግድግዳ የሚያምረው ፀሐይ ከአናቱ በላይ ወጥታ በላዩ ሸርተት ስትል፣ ማለትም ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ወደ ምዕራብ የሚያየው ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ይከፈታል፤ በ11 ሰዓት ግን ጠፍጣፋ ነው። በጎንደር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምትደርሰው በእጅ ሰዓታችን 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሆነ፣ ሁለቱ ጊዜያት የሚከፈሉት በዚያ ነው።

ወደ ደቡብ ያየ ግድግዳ ዕድለኛ ነው። በመስከረምና በመጋቢት አጋማሽ አካባቢ ጨረሩ ቀኑን ሙሉ በስሱ ያልፍበታል፤ በታኅሣሥ ግን ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ከቀትር ይልቅ ጠዋትና አመሻሽ ይሻለዋል። ወደ ሰሜን ያየው ከሁሉም አስቸጋሪ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ቀጥተኛ ፀሐይ ፈጽሞ አያገኝም። በቀትር ፀሐይ የሚያገኘው ደግሞ፣ በእኛ አካባቢ ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን አልፋ በምትቆይበት ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ ነው፤ የዚያም ጊዜ ገሚሱ ደመናና ዝናብ ነው። የተማሪዎች ጉዞ የሚበዛው በበጋ እንደመሆኑ፣ ወደ ሰሜን የሚያይ ቅርፅ በፀሐይ ይታያል ብሎ መርሐ ግብር ማውጣት ከንቱ ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ባትሪ ነው።

እንግዲህ ለጉዞ ሲታሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ ድንጋዩ ወዴት ያያል የሚለው መሆን አለበት። መልሱን ለማግኘት እዚያ ላለው አስጎብኚ አንድ ስልክ መደወል ይበቃል። ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ ይቁም፣ ስልኩ ላይ ያለውን ኮምፓስ ይክፈት፣ ፊቱ የዞረበትን አቅጣጫ ይንገራችሁ። ብረት በበዛበት አጥር ወይም መኪና አጠገብ ኮምፓስ ስለሚስት ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ቢደግመው ጥሩ ነው። ዘመም ያለ ድንጋይ ከሆነም ይናገር፤ ወደ ኋላ የተጋደመ ገጽ የቆመውንና የተነጠፈውን ድንጋይ ጠባይ ስለሚቀላቅል ሰዓቱ በመካከል ይወድቃል።

የባትሪው አጠቃቀም ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ስህተቱ ከቅርፁ ፊት ለፊት ቆሞ ማብራት ነው፤ የስልክ ፍላሽም የሚጎዳው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብርሃኑ ከተመልካቹ ዓይን በኩል ስለሚወጣ ጥላውን ሁሉ ይውጠዋል። ትክክለኛው መንገድ ሁለት ሰው መሆን ነው። አንዱ ፊት ለፊት ቆሞ ያያል ወይም ፎቶ ያነሳል። ሌላው ከቅርፁ ጎን ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ርቆ፣ ባትሪውን ከድንጋዩ ገጽ አንድ ስንዝር ያህል አውጥቶ፣ ብርሃኑ ገጹን እየታከከ እንዲያልፍ ያደርጋል። ፀሐይ ቢኖርም ሦስተኛ ሰው በጃንጥላ ወይም በተዘረጋ ጋቢ ካጠላ ባትሪው ይሠራል። ከዚያ ባትሪ ያዡ በዝግታ ይዙር፤ ከግራ፣ ከላይ፣ ከቀኝ፣ ከታች። ከአንድ ጎን ጨርሶ ያልነበረ እግር ወይም ጆሮ ከሌላው ጎን ብቅ ይላል። ምክንያቱም ከብርሃኑ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ጥላ አይጥልም። በአንድ አቅጣጫ ብርሃን ብቻ አይቶ «ይህ እንስሳ ባለ ሦስት እግር ነው» የሚል ማስታወሻ ይዞ መመለስ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፎቶ የሚያነሳው ስልኩን ሳያንቀሳቅስ ከአራቱም ጎን አራት ፎቶ ቢያነሳ፣ እቤት ሆኖ እያፈራረቀ ሲያያቸው በቦታው ያላየውን ያያል። መለኪያ የሚሆን የ10 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ከቅርፁ አጠገብ ሰው ይያዘው እንጂ በድንጋዩ ላይ አይለጠፍ፣ አይደገፍም።

አሁን ወደ ጉዳቱ። ምክንያቱን የሚያውቅ ተማሪ ተከልክያለሁ ብሎ ሳይሆን ገብቶት ስለሚተው፣ ምክንያቱን እንንገረው።

ውሃ። የረጠበ ድንጋይ ይጠቁርና ቅርፁ ለአፍታ የጎላ ይመስላል። ውሃው ግን በድንጋዩ ቀዳዳዎች ገብቶ በውስጡ ያለውን ጨው ያሟሟል፤ ሲደርቅ ጨው ይዞ ወደ ገጹ ይመለሳል። ጨው ከገጹ ሥር ሲረጋ እየሰፋ ቅርፊቱን ይገፋዋል። ከጊዜ በኋላ ነጭ ብናኝ ይታያል፣ ከዚያ ገጹ እንደ ቅርፊት ይነሳል፤ የሚነሳው ቅርፊት የጥንቱ ሰው የቀረፀበት ያው ገጽ ነው። አንድ ጠርሙስ ውሃ ብቻውን ይህን አያደርግም፤ በየሳምንቱ የሚመጣ አውቶቡስ ግን ያደርገዋል።

ጠመኔና ከሰል። መስመሩን የሚያሰምረው ሰው የመሰለውን ነው የሚያሰምረው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚያየው ያንን ሰው ግምት ነው። ዱቄቱ በቀዳዳው ስለሚቀር ማጽዳት የግድ መፈግፈግን ይጠይቃል፤ መፈግፈግ ደግሞ የተቀረፀውን ጠርዝ ያደበዝዛል። ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ወይም በሰም መፈተግም ያው ነው፤ ልል የሆነ ቅርፊት ካለ ከወረቀቱ ጋር ይመጣል።

የድንጋይ ሽበት። በቋጥኙ ላይ የሚበቅለው ግራጫና ብርቱካናማ ነገር ቅርፁን ይሸፍናል ብሎ በስለት ወይም በጥፍር የሚልጥ አለ። ሽበቱ ሥር መሰል ክሮቹን ወደ ድንጋዩ ውስጥ የሰደደ ስለሆነ ሲላጥ የድንጋዩን ቅንጣት ነቅሎ ነው የሚወጣው። ሽበቱን ለባለሙያ መተው ነው።

እጅ። የእጅ ላብና ቅባት አቧራ እየያዘ ያጠቁራል፤ ብዙ እጅ አንድ ቦታ ሲዳብስ ደግሞ ጠርዙ ይለሰልሳል። በቅርፁ ሥር እሳት ማንደድ፣ ለቡናም ይሁን ለብርድ፣ ከሁሉም የከፋ ነው። ገጹ ከውስጡ ቀድሞ ስለሚሞቅ ይሰነጠቃል፣ ተነስቶም ይወድቃል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ማበላሸት በወንጀል እንደሚያስጠይቅ መደንገጉን አስጎብኚው በአውቶቡስ ውስጥ አንድ ጊዜ ቢያስታውስ አይከፋም።

ይህን ሁሉ ለመለማመድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቁስቋም አለ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ከቀይ ቱፍ (ከእሳተ ገሞራ አመድ ከረጋ) ድንጋይ የተቀረፁ መስቀሎችና ምስሎች አሉ። ጉዞ የሚዘጋጅ ክበብ ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ተማሪዎቹን ወደ ቁስቋም ቢያወጣ፣ ሕንፃው በየአቅጣጫው ግድግዳ ስላለው ከላይ የዘረዘርነውን በአንድ ቀን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። አንዱን መስቀል መርጣችሁ በማለዳ፣ በረፋድና በቀትር ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ፎቶ አንሱ። ተማሪው የጥላውን መምጣትና መሄድ አንድ ጊዜ ካየ በኋላ፣ ለምን በ5 ሰዓት መድረስ እንዳለበት ማስረዳት አያስፈልገውም። ቱፍ ልል ድንጋይ ስለሆነ ቁስቋም ላይም መንካት የለም፤ ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ በደረት ይታዘል፣ ሰው ሲዞር ግድግዳውን የሚፍቀው ቦርሳው ነውና።

ስለ ሩቆቹ ቦታዎች ጥቂት እንበል። መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑን በጉዞው ዋዜማ ከሚመለከታቸው አካላት ማረጋገጥ የሁሉም መጀመሪያ ነው፤ ካልተረጋገጠ ጉዞው ይቆይ፣ ድንጋዩ የትም አይሄድም።

ከጎንደር በደባርቅና በሊማሊሞ ወርዶ በሽሬ በኩል ወደ አክሱም የሚሄድ ሰው አክሱም ከመግባቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ በጎቦ ድራ ኮረብታ አጠገብ ያልፋል። የእንስቲቱ አንበሳ ቅርፅ ያለችው እዚያ ነው፤ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ከ3 ሜትር በላይ የሆነች፣ ከቋጥኙ ገጽ በጥቂቱ ብቻ ከፍ ብላ የተቀረፀች ምስል ናት። የአካባቢው ትውፊት ቅዱስ ሚካኤል ከአንበሳይቱ ጋር ታግሎ በቋጥኙ ላይ ሲወረውራት ምስሏ ታትሞ ቀረ ይላል። ቀኑን ሙሉ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ የደከመ ቡድን «መንገዳችን ላይ ስለሆነች አይተናት እንግባ» ማለቱ አይቀርም። እኛ አይሁን እንላለን። በድካምና በጥድፊያ፣ ብርሃኑ ሳይመረጥ፣ ድንጋያማውን ዳገት በምሽት ለመውረድ እየተቻኮሉ የሚታይ ነገር የለም። አክሱም አድሮ፣ የቋጥኙን አቅጣጫ ከአካባቢው አስጎብኚ ጠይቆ፣ በሰዓቷ መመለስ ይሻላል። ጊዜ የሚተርፈው ቡድን በዚያው ኮረብታ ላይ ያለውን ጥንታዊ የድንጋይ ካባ ይይ። የአክሱም ሐውልቶች የተፈለጡበት ቦታ ነው፤ ሽብልቅ የገባባቸው ጉድጓዶች በመስመር ተሰድረው ይታያሉ። 33 ሜትር የሚረዝመውና አሁን ወድቆ ተሰባብሮ የሚታየው ትልቁ ሐውልት ሥራው ከየት እንደጀመረ የሚገባው እነዚያን ጉድጓዶች ያየ ተማሪ ነው። ጫማው ሶሉ የሚይዝ ይሁን፤ ውሃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ይያዝ፤ ለመጠጥ ብቻ።

በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ላሊበላ የሚገባው ቡድን ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቤተ ማርያም የምዕራብ በር በላይ የተቀረፁት ፈረሰኞች ትንንሾች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በትልቁ የጥላ መከለያ ሥር ስለሆነ ፀሐዩን መጠበቅ አያዋጣም። በቤተ ጎልጎታ በግድግዳው ቅስቶች ውስጥ የቆሙት የቅዱሳን ምስሎች የሰው ቁመት ያክላሉ። ሆኖም ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም። ይህን ለሴት ተማሪዎች በር ላይ ሲደርሱ ሳይሆን ጎንደር ላይ፣ ገና ለጉዞው ሲመዘገቡ መንገር ያስፈልጋል፤ በር ላይ መመለስ ያስከፋል። ባትሪ ከማብራት በፊት የቤተ ክርስቲያኑን አገልጋይ ማስፈቀድ፣ ጸሎት ወይም ቅዳሴ ካለ መታገሥ ግድ ነው። ጧፍ ለጸሎት ነው፤ ቅርፅ ለማየት ጧፍ ወደ ግድግዳ ማስጠጋት ጥቀርሻና ሰም ይተዋል።

ወደ ደቡብ የሚዘልቅ ጉዞ የጢያን ትክል ድንጋዮች ሊያይ ይችላል፤ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ በቡታጅራ መንገድ። በዓለም ቅርስነት በ1980 እ.ኤ.አ. ከተመዘገቡት 36 ድንጋዮች 32ቱ የሰይፍና ሌሎች ምልክቶች ቅርፅ አላቸው። ድንጋዮቹ የቆሙ ስለሆኑ የግድግዳው ሕግ ይሠራል። በዲላ አካባቢ በሸጴ፣ በሸለቆ ግድግዳ ላይ ለተቀረፁት ከብቶች ግን የሸለቆው ጥላ ሰዓቱን ስለሚያዛባ ባትሪ ይዞ መሄድ ነው።

ስለ ሰው ብዛትም ቁጥር እናስቀምጥ። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ፣ ጨረሩ ከድንጋዩ ገጽ ጋር ከ5 እስከ 25 ዲግሪ ሆኖ የሚቆይበት መልካም ጊዜ 80 ደቂቃ ያህል ነው። 45 ተማሪ የጫነ አውቶቡስ በ9 በ9 ሰው አምስት ቡድን ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ 12 ደቂቃ ሲሰጥ 60 ደቂቃ ይሄዳል፤ 20ው ደቂቃ ለመቀያየሪያ ይበቃል። ከዚህ በላይ ሰው ከመጣ የኋላኞቹ የሚያዩት የፊተኞቹን ጀርባ ነው፤ ጀርባ የሚያይ ልጅ ደግሞ ቋጥኙ ላይ ይወጣል። ተራ የሚጠብቁት ከቅርፁ ራቅ ብለው፣ ቢቻል ድንጋዩ በማይታይበት ቦታ ተቀምጠው ቢጠብቁ ተራቸው ሲደርስ በሙሉ ዓይን ያያሉ።

ከዚህ በመነሳት ከከተማችን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። ለትምህርት ቤት ጉዞ የድጋፍ ደብዳቤ ሲሰጥ፣ በማመልከቻው ላይ ሁለት መስመር ይጨመር፤ የሚጎበኘው ቅርፅ ወዴት ያያል፣ ቡድኑ በስንት ሰዓት ይደርሳል። ሁለቱ ካልተጣጣሙ ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ሰዓቱ ይታረም። በቁስቋም በየግድግዳው ያሉት ቅርፆች በየትኛው ወርና ሰዓት በደንብ እንደሚታዩ የሚገልጽ ሰሌዳ ይቁም፤ ሰሌዳው በራሱ እግር መሬት ላይ ይተከል እንጂ በምስማር ግድግዳው ላይ አይመታ። መረጃውን የመመዝገቡን ሥራ ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነን። እንዲሁም በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ቦታ የሚነሳ የእያንዳንዱ ቅርፅ ፎቶ በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥ፤ የተነሳ ቅርፊትና አዲስ ስንጥቅ የሚታወቀው ካለፈው ዓመት ፎቶ ጋር ሲተያይ ብቻ ነው።

የጉዞ ክበብ ኃላፊ ለሆናችሁ መምህራን ደግሞ፣ የበጋው ጉዞ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቅዳሜ ምረጡና ቁስቋም እንገናኝ። ለእያንዳንዱ ክበብ ሁለት ባትሪ፣ አንድ ጃንጥላና አንድ ማስመሪያ ይበቃል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምረን እስከ 8 ሰዓት እንቆያለን፤ ስለዚህ ምሳ ይያዝ።

ከአክብሮት ጋር፣
በጎንደር ከተማ የሚሠሩ አስጎብኚዎች፣ የታሪክ መምህራንና የጥንታዊ ሕንፃ ጥገና ባለሙያዎች